ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 7,000 ለማን ነው? «ፈጣን ዲስክ፣ አዲስ ኮምፒውተር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ላፕቶፓቸውን ይዘው ወደምሠራበት የጥገና ክፍል መጡ። ከቦርሳቸው መጀመሪያ ያወጡት ግን ላፕቶፑን ሳይሆን ፕላስቲኩ ያልተቀደደ የኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው የመረጃ ማስቀመጫ ዲስክ) ካርቶን ነበር። በካርቶኑ ፊት በደማቁ «7,000 ሜጋባይት በሰከንድ» ተብሎ ተጽፏል። «ወንድሜ፣ ይህችን ግጠምልኝ። የተማሪዎቼን ውጤት የምሞላበት ፋይል እስኪከፈት ቡና አፍልቼ እመለሳለሁ» አሉኝ። ለምን ይህንኑ ዓይነት እንደመረጡ ስጠይቃቸው አንድ ጽሑፍ አሳዩኝ። ይህ ምላሽ ለዚያ ጽሑፍ ነው።

ጽሑፉ «ፈጣን ዲስክ፣ አዲስ ኮምፒውተር» ይላል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ አዲሶቹ የኤንቪኤምኢ ዲስኮች (ሰፊውን አዲስ የመረጃ መንገድ የሚጠቀሙ ኤስኤስዲዎች) በቆየው መንገድ ከሚገናኘው ከሳታ ኤስኤስዲ 13 እጥፍ ስለሚፈጥኑ ኮምፒውተሩም በዚያው ልክ ይፈጥናል፤ ማብራቱም፣ ፕሮግራም መክፈቱም፣ ኢንተርኔቱም ይቀላጠፋል፤ ፈጣን ዲስክ ያለው ሰው ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ) መጨመር አያስፈልገውም፤ ዲስኩ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ይገጠማል፤ የሚሽከረከር አካል ስለሌለውም አይበላሽም። ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት አምናለሁ። ነገር ግን ጽሑፉን አንብበው በወር ደመወዛቸው ዕቃ የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ ፊቴ ቆመው ነበር። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መነሻቸው ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ወደ ኤስኤስዲ መቀየር በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከሚደረጉ ለውጦች ሁሉ የላቀው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በላፕቶፕ ውስጥ የሚገኘው ሃርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። የሚፈለገው መረጃ በንባብ ጭንቅላቱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ አለ፤ ጭንቅላቱ ራሱ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪሄድ ደግሞ ሌላ አሥር ሚሊሰከንድ ገደማ ይጨመራል። በዚህ አካሄድ ዲስኩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሊጎበኝ የሚችለው ከ60 እስከ 80 የሚሆን ቦታ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚያነብበው ግን በሺህ የሚቆጠር፣ በዲስኩ ላይ ወዲያና ወዲህ የተበተነ ጥቃቅን ፋይል ነው። ኤስኤስዲ ለአንድ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በአንድ ሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ስለሆነ ሰዓት ሳይያዝ በዓይን ይታያል።

ይህን ዝላይ ግን ማንኛውም ጤነኛ ኤስኤስዲ ያስገኘዋል። ርካሹ የሳታ ኤስኤስዲም ያስገኘዋል። የጽሑፉ ስሕተት የሚጀምረው ይህንን የመጀመሪያ ዝላይ ወስዶ ለሁለተኛው፣ ከሳታ ኤስኤስዲ ወደ ፈጣኑ ኤንቪኤምኢ ለሚደረገው ለውጥ፣ ምስክር ሲያደርገው ነው።

«13 እጥፍ» የሚለውን እንመልከት። ስሌቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ሦስተኛው የሳታ ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ በሰከንድ 6 ጊጋቢት እንዲያሳልፍ ተደርጎ ነው፤ በተግባር 550 ሜጋባይት ገደማ ያደርሳል። 7,000 ለ550 ሲካፈል 13 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ቁጥሮቹ እውነተኛ ናቸው። ጥያቄው ምን ሲደረግ የተለኩ ናቸው የሚለው ነው።

አንድ ትልቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤትን አስቡ። ሠራተኛው «በአምስተኛው መደርደሪያ ያለውን ሁሉ አምጣ» ቢባል ጋሪ ይዞ ሄዶ መቶውን ፋይል በአንድ ጊዜ ይገፋል፤ ጋሪው በሰፋ ቁጥር ሥራው ይፈጥናል። «የአቶ እገሌን ፋይል አምጣ» ቢባል ግን ጋሪው ቢሰፋም ቢጠብም ለውጥ የለውም። የሚቆጠረው ሄዶ፣ ፈልጎ፣ ይዞ የሚመለስበት ጊዜ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው 7,000 የጋሪው ስፋት ነው። የተለካው አንድ ግዙፍ ፋይል ከዳር እስከ ዳር ያለማቋረጥ ሲነበብ፣ ያውም ብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ተደርድሮ ነው። የእኛ የዕለት ሥራ ግን የአቶ እገሌን ፋይል ዓይነት ነው፤ አራት ኪሎባይት እዚህ፣ አራት ኪሎባይት እዚያ፣ አንዱ ሳይመጣ ሁለተኛው አይጠየቅም።

በዚህ ዓይነት ንባብ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላለትም። ጥሩ የሳታ ኤስኤስዲ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ያደርሳል። ጥሩ ኤንቪኤምኢ ከ60 እስከ 90 ይደርሳል። አሥራ ሦስት እጥፍ የተባለው ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ወረደ። ምክንያቱም በሁለቱም ውስጥ መረጃውን የያዘው የፍላሽ ቺፕ በባሕርይው አንድ ነው፤ መንገዱ ቢሰፋም ቺፑ መረጃውን አንብቦ እስኪያወጣ የሚፈጅበት አሥራዎች ማይክሮሰከንድ አብሮት አለ። ኤንቪኤምኢ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ ዋነኛ ብልጫው እጅግ ብዙ ጥያቄዎችን ጎን ለጎን ማስተናገዱ ነበር። ከርሱ በፊት የነበረው አሠራር አንድ ወረፋ ነበረው፤ በወረፋው የሚሰለፈውም 32 ጥያቄ ብቻ ነው። ኤንቪኤምኢ ከ65,000 በላይ ወረፋ ይፈቅዳል። ይህ በሺህ የሚቆጠር ተጠቃሚ ለሚያገለግል ሰርቨር ትልቅ ነገር ነው። አንድ መምህርት ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው የሚፈጥሩት ወረፋ ግን አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ቢሆን ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ያልነካው አንድ ታሪክ አለ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 ኦፕቴን 900ፒ የሚባል ዲስክ ለገበያ አቅርቦ ነበር። በካርቶኑ ላይ የነበረው ቁጥር 2,500 ሜጋባይት ብቻ ነው። በዚያው ዘመን ከ3,000 በላይ የሚሉ ዲስኮች ነበሩ። ኦፕቴን ግን የተሠራው ከፍላሽ ሳይሆን ከሌላ ዓይነት የማስታወሻ ቁስ ስለነበር ለአንድ ትንሽ ጥያቄ የሚሰጠው ምላሽ ከእነርሱ ብዙ እጥፍ የፈጠነ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ምላሹ ፈጣን ነበር ማለት ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን ሥራ ማቆሙን አስታወቀ፤ እኔ እስካሁን ይቆጨኛል። ገዢ ሁሉ ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር ብቻ እያየ ሲገዛ ለዕለት ሥራ የሚበጀው ነገር ሰሚ ያጣል።

ከዚያም በላይ፣ ያቺ ሁለት እጥፍ እንኳ በሙሉ ወደ ተጠቃሚው አትደርስም። ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒውተር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1967 ያስቀመጠው ሐሳብ አለ፤ የአንድን ሥራ አንድ ክፍል ብቻ ብታፈጥን የምታተርፈው ያ ክፍል ከጠቅላላው ጊዜ የያዘውን ድርሻ ያህል ነው። አንድ ፕሮግራም ለመክፈት አሥር ሰከንድ ቢወስድና ከዚያ ውስጥ ዲስኩን መጠበቅ ሁለቱ ብቻ ቢሆን፣ ዲስኩ እንደ መብረቅ ቢፈጥን እንኳ ስምንቱ ሰከንድ ባለበት ይቀራል። ስምንቱን የሚበላው ሌላ ነው፦ ፕሮሰሰሩ የታመቀውን ይፈታል፣ ጸረ ቫይረሱ እያንዳንዱን ፋይል ይፈትሻል፣ ፕሮግራሙ ራሱን ያሰናዳል። የመምህርቷ የውጤት ፋይል ሁለት ሜጋባይት አይሞላም። በሳታ ኤስኤስዲ ለማንበብ አራት ሚሊሰከንድ ይበቃዋል፤ በ7,000ው ደግሞ ከአንድ ሚሊሰከንድ ያነሰ። ሁለቱም ከዓይን ጥቅሻ ያጠሩ ናቸው።

ጸሐፊው ኮምፒውተር የማብራቱን ነገርም አንሥተዋል። በዚህ ላይ ወሬ ከማብዛት ራሴ ሞክሬዋለሁ። በሥራ ክፍላችን ሁለቱንም ዓይነት የሚቀበል ዴስክቶፕ አለ። ያንኑ ዊንዶውስ ከሳታው ወደ ኤንቪኤምኢው እንዳለ ገልብጬ ቁልፉን ከተጫንኩበት እስከ መግቢያው ገጽ ድረስ በስልኬ ሰዓት ለካሁ። ደጋግሜ ስለካው ልዩነቱ ሦስት ሰከንድ አልሞላም። የጊዜው ትልቅ ክፍል ዊንዶውስ ገና ሳይጀምር ማዘርቦርዱ ዕቃዎቹን ሲፈትሽ የሚያልፍ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዝግመት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አብረው ከሚነሡት ፕሮግራሞች ነው። ታስክ ማኔጀር በሚባለው የዊንዶውስ መቆጣጠሪያ ውስጥ ስታርትአፕ የሚለውን ክፍል ከፍቶ የማያስፈልጉትን ማጥፋት ምንም ወጪ የለውም፤ ለብዙ ደንበኞቼ ከዲስክ ቅያሪ የበለጠ ጠቅሟቸዋል።

የኢንተርኔቱ ነጥብ ረጅም መልስ አያሻውም። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚሰጥ መስመር በሰከንድ የሚያወርደው 1.25 ሜጋባይት ነው። አሮጌ ሃርድ ዲስክ እንኳ በሰከንድ በአሥራዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይጽፋል። የዘገየው መስመሩ ነው።

ከሁሉ በላይ የምቃወመው «ፈጣን ዲስክ ያለው ሰው ራም አያስፈልገውም» የሚለውን ነው። የመምህርቷን ላፕቶፕ አብርተን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ በአንድ ላይ ተጫንኩና ታስክ ማኔጀርን ከፈትኩ። ብሮውዘራቸው 11 ገጽ ከፍቷል፤ ኤክሴልና ቴሌግራምም አብረው እየሠሩ ነው። ዲስኩ 100 በመቶ ይላል፤ ቀዩን ቁጥር እያዩ «ይኸው፣ ዲስኩ ነው» አሉኝ። ከርሱ በላይ ያለውን መስመር እንዲያዩ ጠየቅኳቸው። ማስታወሻው፣ ማለትም ራሙ፣ 94 በመቶ ነበር። ላፕቶፑ ያለው ራም 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። ብሮውዘሩን ስንዘጋው የማስታወሻው ቁጥር ወረደ፤ ጥቂት ቆይቶ የዲስኩም ቁጥር አብሮ ወርዶ ከአሥር በታች ሆነ። ዲስኩ የሚጮኸው ራሱ ታምሞ ብቻ አልነበረም። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ የሚተርፈውን ዲስኩ ላይ ያራግፋል፤ ሲፈለግ ደግሞ መልሶ ያነሣል። ገጽ በተቀየረ ቁጥር ይኸው መመላለስ ነው።

ዲስክ ራምን የማይተካው ለምን እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ራም ለአንድ ጥያቄ በ100 ናኖሰከንድ ገደማ ይመልሳል። ኤስኤስዲ 80 ማይክሮሰከንድ ያህል ይፈልጋል። የራሙን ጊዜ ወደ አንድ ሰከንድ ብንዘረጋው የኤስኤስዲው ከ13 ደቂቃ ይበልጣል፤ የሃርድ ዲስኩ ደግሞ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይሆናል። ጸሐፊው በፈጣን ዲስክ ላይ ራም ያነሰው ኮምፒውተር ሲሻለው አይተው ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ ቀን ተኩል ወደ 13 ደቂቃ መውረድ በርግጥ እፎይታ ነው። ከአንድ ሰከንድ ጋር ግን አይወዳደርም። ሌላ ነገርም አለ፤ በትንሽ ራም ምክንያት ሌት ተቀን የሚጻፍበት ኤስኤስዲ ዕድሜውን በከንቱ ይጨርሳል። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራማቸው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም። እንዲህ ዓይነቱን የሚገዛ ሰው ከመጀመሪያው በቂ ራም ያለውን መምረጥ አለበት።

«በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ይገጠማል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለመምህርቷ ከሁሉ የከፋው ነበር። የላፕቶፑን ክዳን ፈትቼ አሳየኋቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተሠራ ነው፤ ውስጡ ያለው የሁለት ተኩል ኢንች ሃርድ ዲስክ ማስቀመጫ ብቻ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ደግሞ እንደ ማስቲካ የቀጠነች የኤምቱ ካርድ ናት። የምትሰካበት ቦታ የለም። መምህርቷ ክፍቱን ላፕቶፕና ካርቶኑን እያፈራረቁ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ምንም አላሉም።

ቦታው ቢኖርም ነገሩ በዚያ አያበቃም። ኤምቱ የቅርጽ ስም እንጂ የፍጥነት ስም አይደለም፤ በዚያው ቅርጽ የተሠሩ የሳታ ኤስኤስዲዎች አሉ፤ ሳታን ብቻ የሚቀበሉ የኤምቱ ማስገቢያዎችም አሉ። ከ2014 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች የኤንቪኤምኢ ዲስክ በአስማሚ ቢሰካላቸው እንኳ ከርሱ ዊንዶውስን ማስነሣት አይችሉም። ማስገቢያው የፒሲአይኢ (የኤንቪኤምኢ ዲስክ የሚጠቀምበት የመረጃ መንገድ) ሦስተኛ ትውልድ ከሆነ ደግሞ 7,000 የሚለው ዲስክ ወደ 3,500 ገደማ ይወርዳል፤ ገዢው የከፈለበት ግማሹ ፍጥነት ካርቶኑ ላይ ብቻ ይቀራል። በዚያ ላይ ከእኛ ዘንድ ብዙ ዕቃ የሚመጣው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ ነው፤ ካልገጠመ የሚመለስበት መንገድ የለም። «በማንኛውም» የምትለው አንዲት ቃል ስንቱን እንደምታከስር ጸሐፊው ያሰቡበት አይመስለኝም።

ስለ ዕድሜው ያሉት ግማሹ እውነት ነው። አንድ ቴራባይት የሚይዙ ደኅና ኤስኤስዲዎች ብዙዎቹ 600 ቴራባይት እስኪጻፍባቸው ድረስ ዋስትና ይሰጣቸዋል። በቀን 20 ጊጋባይት የሚጽፍ ሰው እዚያ ለመድረስ ከ80 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ «በመጻፍ ያልቃል» ብሎ መፍራት አያስፈልግም። ነገር ግን ኤስኤስዲ የሚሞትበት ሌላ መንገድ አለ፤ መቆጣጠሪያው ቺፕ ይቃጠላል ወይም የውስጥ ሶፍትዌሩ ይናጋል። ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ቀጭ ቀጭ እያለ ያስጠነቅቃል። ኤስኤስዲ ግን ማታ ደኅና ሆኖ ጠዋት ላይታይ ይችላል፤ ከውስጡ መረጃ ማውጣቱም ከሃርድ ዲስክ ይልቅ እጅግ ይከብዳል። የመመረቂያ ጽሑፏ በአንድ ኤስኤስዲ ላይ ብቻ የነበረ ተማሪ ፊቴ ስታለቅስ አይቻለሁ፤ ላድንላት አልቻልኩም። መብራት በድንገት በሚጠፋበት ከተማ ደግሞ ባትሪም ዩፒኤስም በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ገና በመጻፍ ላይ ያለ መረጃ ሊበላሽ ይችላል፤ ለቤት የሚሸጡት ዲስኮች አብዛኞቹ ለዚያ የሚሆን መጠባበቂያ ኃይል የላቸውም። «አይበላሽም» ተብሎ የተነገረው ሰው ቅጂ አያስቀምጥም። አደጋው ይህ ነው።

ፈጣኑ ዲስክ ለማንም አይጠቅምም ማለቴ ግን አይደለም። የሶኒ ፕሌይስቴሽን 5 ያለው ሰው ተጨማሪ ዲስክ ሲገዛ 5,500 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ የሚያደርስ እንዲሆን ሶኒ ራሱ ይመክራል፤ ማሽኑ የተሠራው በዚያ ታስቦ ነው። ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ 200 ጊጋባይት ቪዲዮ በየቀኑ የሚያዛውር ሰው በሳታ ሰባት ደቂቃ ገደማ የሚወስድበትን በፈጣን ኤንቪኤምኢ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ሊጨርስ ይችላል፤ ሁለቱም ወገን ፈጣን ከሆነ። የሠርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ወዳጆቼ ግን መረጃው የሚመጣው ከካሜራ ካርድ ነው። ካርዱ በሰከንድ 90 ሜጋባይት የሚሰጥ ከሆነ 200 ጊጋባይቱ 37 ደቂቃ ይወስዳል፤ የሚቀበለው ዲስክ 550 ቢሆን 7,000 ቢሆን ያው ነው። ለእነርሱ ይልቅ የምመክረው የቺፑን ዓይነት እንዲጠይቁ ነው። ኪውኤልሲ በሚባለው ርካሽ ዓይነት ላይ መጀመሪያ የሚጻፍበት ፈጣኑ ክፍል ሲሞላ የጽሕፈቱ ፍጥነት ይወድቃል፤ የሳምሰንግ 870 ኪውቪኦ አንድ ቴራባይቱ 42 ጊጋባይት ያህል ከተጻፈበት በኋላ ወደ 80 ሜጋባይት እንደሚወርድ አምራቹ ራሱ በመግለጫው ላይ አስፍሯል። ይህ ከሃርድ ዲስክ አይሻልም። ካርቶኑ ፊት ላይ ግን ይህ ቁጥር የለም።

መምህርቷ ካርቶኑን አለመቅደዳቸው በጀ። የሸጠላቸው ሰው መልሶ ተቀበላቸው፤ በምትኩ 480 ጊጋባይት የሳታ ኤስኤስዲና 8 ጊጋባይት ራም ይዘው መጡ፤ ገንዘብም ተርፏቸዋል። ዊንዶውሱን ገልብጬ፣ ራሙን ጨምሬ፣ የውጤት ፋይላቸውን ሁለተኛ ቅጂ በፍላሽ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ያ ፋይል አሁን ከፕሮግራሙ ጋር በአራት ሰከንድ ውስጥ ይከፈታል።

ጸሐፊውን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ሌላውን እንዳለ ቢተዉት እንኳ «ራም አያስፈልግም» እና «በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ይገጠማል» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያርሙ። ትናንት ማታ ይህን ከመጻፌ በፊት ደግሜ አይቼዋለሁ፤ ሁለቱም እንዳሉ ናቸው።